ሦስተኛው መሀረብ

ዶርቃ ተካ ፊልም የምትመዝነው በመሀረብ ነው። መለኪያውን እሷ አልፈጠረችውም፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ዓለሚቱ የወረሰችው ነው። ደረቅ ፊልም ዜሮ መሀረብ ያገኛል፤ ዓይን የሚያረጥብ አንድ፣ አፍንጫ የሚያስጠርግ ሁለት። ሦስት የሚሰጠው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሰው ከተቀመጠበት መነሳት ሲያቅተው ብቻ ነው። ወይዘሮ ዓለሚቱ በዕድሜያቸው ሦስት መሀረብ የሰጡት ለሁለት ፊልም ነበር። በሌላው ነገር ሁሉ ለጋስ ነበሩ፤ በዚህ በዚህ ግን ድርቅ ያሉ ሴት ነበሩ።

የሚገርመው፣ እናትና ልጅ አንድም ቀን ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም። የቤቱ አባወራ ጋሽ ተካ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ከሆሳዕና በወጣትነታቸው መጥተው ሀና ማርያም ከሰፈሩ ጀምሮ ደግሞ የሰፈሩ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፣ አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። ፊልም ዓለማዊ ነገር ነው ብለው አንዴ ተናግረዋል። ጋሽ ተካ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች እሳቸው የዕቃ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ይጠብቁና አልጋ ጫፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው በዶርቃ ስልክ ያያሉ። ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት ትሬለር ነበር። ትሬለር ሁለት ደቂቃ ነው፤ ኃጢአትም ከሆነ አጭር ኃጢአት ነው።

ጨዋታቸው ትሬለሩን በየሰከንዱ እያስቆሙ ታሪኩን መገመት ነበር። "ቆይ፣ መልሺው" ይላሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ ወደ ስልኩ ተጠግተው። "ይቺ ጓደኛ ተብዬዋ ቀለበቱን እንዴት እንዳየችው አየሽ? በይ እሷ ናት የምትከዳት።" ከወር በኋላ ፊልሙ ሲወጣ ጓደኛ ተብዬዋ ትከዳለች። ወይዘሮ ዓለሚቱም ደራሲውን ራሳቸው የመከሩት ይመስል ደረታቸውን ይነፉ ነበር።

እሳቸው ካረፉ አሥራ አራት ወር ሆነ። ዶርቃ ትሬለር ማየቱን አልተወችም፤ ብቻዋን ማየቱን ግን አልቻለችበትም። መልሺው የሚላት ሰው ሲያጣ፣ ስልኳን መስታወት ላይ አስደግፋ ለማታውቃቸው ሰዎች ማውራት ጀመረች። ገጿን "ሦስት መሀረብ" አለችው። ቀን ላፍቶ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ አሥራ አንድ ሺህ ሰው ይጠብቃታል።

"ጎበዝ፣ ይሄ ትሬለር ድሮን ብቻ ነው" ትላለች። "ከተማውን ከላይ አየነው፣ ቀለበት መንገዱን ከላይ አየነው፣ ፍቅረኛሞቹንም ከላይ አየናቸው። እነዚህ ተዋንያን ፊት የላቸውም እንዴ? ዜሮ መሀረብ!" ሌላ ቀን ደግሞ፣ "በሁለት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጥፊ ቆጥሬያለሁ። ሦስቱ በስሎው ሞሽን ናቸው። ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ ምሳዬን በልቼ ጨረስኩ።" ባለፈው ሰሞን የወጣውን ኮሜዲማ አልማረችውም። የሚያስቀውን ሁሉ ትሬለሩ ላይ ጨርሰው ለፊልሙ የተረፈው ሶፋና መጋረጃ ነው ብትል፣ አዘጋጁ ራሱ ስቆ መልስ ጽፎላታል። ሰው የሚወዳት ለዚህ ነው፤ ትናገራለች፣ ግን አታቆስልም። ሦስት መሀረብ ግን ለማንም ሰጥታ አታውቅም። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ከወንበሯ ያስቀራት ፊልም አልተገኘም።

በአባቷ ላይ ግን ዶርቃ ትልቅ ቅሬታ ነበራት። ጋሽ ተካ በሚስታቸው ቀብር አላለቀሱም። አማኝ ተስፋ እንደሌለው ሰው አያለቅስም እያሉ ለቀስተኛውን እሳቸው ነበሩ የሚያጽናኑት፤ መዝሙር አስጀመሩ፣ ድንኳኑ ውስጥ ለሰው ወንበር አቀበሉ፣ የደከሙ ሽማግሌዎችን ደግፈው ሸኙ። ዶርቃ ሳጥኑ ሲወርድ ስትጮህ ክንዷን ያዙና "በቃ ልጄ፣ በቃ" አሏት። ያቺ በቃ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ውስጥ አለች። ሠላሳ ዓመት አብራው ለኖረች ሴት አንዲት ጠብታ እንባ የነፈገ ሰው እኔን ምን ሊለኝ ነው ብላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባቷ ጋር የምትነጋገረው ስለ ውኃና ስለ መብራት ብቻ ሆነ። ውኃ መጣ፣ መብራት ሄደ፣ ምሳህ ድስት ውስጥ አለ።

ይህም ሳይበቃ የኤሌኒ ነገር መጣ። የዶርቃን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ስስ የችፑድ ግድግዳ ነው፤ ጋሽ ተካ ደግሞ ንጋት ላይ ድምፃቸውን አውጥተው የሚጸልዩ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ያነሳሉ፣ አገሩን ያነሳሉ፣ የታመመውን በየስሙ ያነሳሉ፣ መጨረሻ ላይ "ለዶርቃም ማስተዋልን ስጣት" ይላሉ። ማስተዋል! ዶርቃ ብርድ ልብሷን እላይዋ ላይ ጎትታ ትጨሳለች። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ስም ተጨመረ። "እናቷን የቀበረችውን ኤሌኒን አጽናት። ብቻዋን እንዳትሆን ሰው ስጣት። ሲጨንቃት የምትጠጋበት ትከሻ አታሳጣት።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ይሰበራል። ኤሌኒ ማን እንደሆነች ዶርቃ አልጠየቀችም፤ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ትሆናለች ብላ ተወችው። እናቷን የቀበረች ልጅ እዚሁ ከችፑዱ ወዲህ ተኝታ፣ ትከሻው ለኤሌኒ ሲለመን መስማት ግን አንጀቷን አሳረራት።

ብስራተ ገብርኤል የምትኖር ያኤል የምትባል ጓደኛ አለቻት። አንድ ክፍል ትርፍ አለኝ፣ ነይ አብረን እንኑር ካለቻት ቆየች። ዶርቃ ሰኞ ዕለት ለአባቷ ቁርጡን ነገረቻቸው፤ ቅዳሜ እወጣለሁ አለች። ጋሽ ተካ ሻያቸውን አስቀምጠው "እንደ ፈቃድሽ" አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ የተሰበረው የሻንጣዋ ጎማ ተጠግኖ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ በሩ አጠገብ ቆሞ አገኘችው። እንድሄድ ቸኩሏል አለች በልቧ። ሻንጣውን እያለቀሰች ሞላች።

ሐሙስ ዕለት ሰው ሁሉ የጠበቀው ትሬለር ወጣ። የፊልሙን ርዕስ እዚህ ማንሳት አያስፈልግም፤ ተከታዮቿ ከጠዋት ጀምሮ ዶርቃ እባክሽ ይሄን እይልን ሲሏት ነው የዋሉት። ቤት እንደገባች ነጠላ ጫማዋን ሳታጠልቅ መቅረጫውን ከፈተች፤ ትሬለሩን በአሮጌ ታብሌቷ ላይ ለቀቀች።

"እህ፣ የለቅሶ ድንኳን! ለቅሶ የሌለው የአማርኛ ፊልም ሊሠሩ ፈርተው ነው። አሁን ልጅቷ ትወድቃለች፣ ይዟት የሚነሳው ቆንጆ ልጅ ደግሞ..." አለችና አቆመች። ልጅቷ አልወደቀችም። ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አቀርቅረው ያለቅሳሉ። ፊታቸው አይታይም። ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከላይ ሙዚቃ አለ።

"ቆይ" አለች ዶርቃ ወደ ካሜራዋ ዞራ። "እኚህ አባት እየተወኑ አይደለም። ትወና እንደዚህ አይሆንም። ተዋናይ ሲያለቅስ ፊቱን ይሰጥሃል፤ እሳቸው ግን ደብቀውታል። እኔ በበኩሌ ለእኚህ ትከሻ ብቻ..." የመሀረቡ ቁጥር አፏ ውስጥ ቀረ። "መልሺው" አለች ለራሷ፣ እንደ እናቷ።

መለሰችው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ወንበር ሥር አንድ የዕቃ ቦርሳ አለ፤ እጀታው በሰማያዊ ፕላስተር ተጠቅልሏል። ያንን ፕላስተር የጠቀለለችው ራሷ ዶርቃ ናት፤ የአባቷን እጅ እንዳይልጠው ብላ፣ እናቷ በሕይወት ሳሉ። በየሰከንዱ አሳለፈችው። ሽማግሌው ቀና ይላሉ፣ የልጅቷን እጅ ይይዛሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጋሽ ተካ ናቸው። ጉንጫቸው ርሷል። ትዕይንቱ ሲቀየር አንዲት ሴት ከጀርባ "ኤሌኒ፣ እናትሽ የደበቀችሽ ነገር አለ" ትላለች።

ዶርቃ መቅረጫውን አጠፋችው። ለአሥራ አንድ ሺህ ሰው የሚነገር ነገር አልነበረም። ትሬለሩ መጨረሻ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ደወለች፤ ከሁለት ሰው በኋላ ዳይሬክተሯ አክሱማዊት ራሷ ቀረበች።

"አባትሽ ናቸው?" አለች አክሱማዊት፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "እኛ እኮ በሰፈሩ ሁሉ አፈላልገናቸዋል! ላፍቶ አንድ ግቢ ድንኳን ተክለን እየቀረጽን ነበር። ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። አጠገባቸው ያለውን ሰው ማን ነው የሞተው አሉት፤ እሱም ካሜራ ላይ ስለሆነ የኤሌኒ እናት ናቸው አላቸው። ካሜራ ማኑ ሊያቆም ሲል እጁን ያዝኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። ሲወጡ ልነግራቸው ነበር፤ ዞር ስል ሄደዋል።"

"ልጅቷን ምን አሏት?"

"እሱ በስልክ የሚነገር አይደለም። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ አብረውን ለሠሩት ብቻ ፊልሙን እናሳያለን። ይዘሻቸው ነይ፤ ይስሙት። ይውጣልኝ ካሉ ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ከትሬለሩም።"

ጋሽ ተካ ሲገቡ ዶርቃ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። ደንግጠው በሩ ላይ ቆሙ። ከአሥራ አራት ወር ወዲህ ሳሎን የጠበቃቸው ሰው አልነበረም።

"አባዬ፣ ኤሌኒ ማን ናት?"

ቦርሳቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። "አንዲት ልጅ ናት። ላፍቶ ታንከር ልጠግን ስሄድ ድንኳን አየሁ። ድንኳን ታልፎ አይኬድም። ገባሁ፤ እናቷን ነው የቀበረችው። ምነው፣ ታውቂያታለሽ?"

"ካሜራ አላየህም?"

"አየሁ እንጂ። ዛሬ የማይቀረጽ ምን አለ? የእናትሽንስ ቀብር የቀረጸው ሰው አጥር ላይ ወጥቶ አልነበር?"

ዶርቃ ታብሌቱን ሰጠቻቸው። ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አድርገው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው እንደ ውኃ ቆጣሪ አዩት። ዶርቃ ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች።

"ታዲያ ሟቿስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ሟች የለችም አባዬ። ፊልም ነው።"

"የኤሌኒ እናት አልሞቱም?"

"ኤሌኒም የለችም።"

"ጌታ ይመስገን!" አሉ ከልባቸው፤ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሱ። ቆይቶ ነው ነገሩ የገባቸው። "ሦስት ወር ሙሉ እኮ..."

"ሰምቻለሁ" አለች ዶርቃ። ሳታስበው ሳቋ መጣ፤ ሳቁን ግን አቋርጣ ጠየቀች። "ለማን ነው እንደዚያ ያለቀስከው?"

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። "ለቅሶ ቤት ነበር" አሉ። የቅዳሜውን ስትነግራቸው ረጅም ጊዜ አሰቡ። ሽማግሌው ሲኒማ ቤት ገባ ሊባል ነው፤ ይሄ በሀና ማርያም ቀላል ወሬ አይደለም። ግን "ልጅቷን ላያት እፈልጋለሁ" አሉ። ተዋናይ ናት ብትላቸው፣ "ትሁን። እጄን ይዛ ነበር" አሉ።

ቅዳሜ ሻንጣው በሩ አጠገብ ተዘግቶ ቆሞ፣ ያኤል ከአሥር ሰዓት በኋላ መኪና እልካለሁ ብላ፣ አባትና ልጅ ሚኒባስ ይዘው ሄዱ። ጋሽ ተካ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰዋል። አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ዶርቃ ይህን አየች። ጨለማው ውስጥ ሲገቡ እጇን ያዙ፤ ወንበር ካገኙ በኋላም ለመልቀቅ ረሱት።

ፊልሙ ጥሩ ነበር። ዶርቃ ግን ከመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ አንዲት ነገር አታስታውስም። ድንኳኑ ሲመጣ ብቻ ነው የነቃችው። እዚህ ሙዚቃ የለም። ዝናብ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል፤ አንድ ሰው ይስላል። ጋሽ ተካ፣ የሲኒማውን ሸራ የሚያህሉት ትልቁ ጋሽ ተካ፣ ከእንባቸው ቀና ብለው የልጅቷን እጅ ያዙ።

"ኤሌኒ ልጄ" አሉ። "ማንም በቃ ቢልሽ እንዳትሰሚ። አልቅሺ። እኔ ልጄን በቃ ብያታለሁ። ባለቤቴን ስቀብር አላለቀስኩም። ልጄ ታየኝ ነበር፤ እኔ ከወደቅኩ እሷን ማን ያነሳታል ብዬ ነው። ሰዉ በእምነት ቆመ አለኝ። እምነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ይኸው አሁን ሁለታችን ደርቀን አንድ ቤት እንኖራለን። እኔ እንደሁ ቧንቧ እንጂ ቃል መጠገን አላውቅም። አንቺ አልቅሺ፣ እሺ?"

ተዋናይዋ ጎበዝ ናት። ድርሰቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር ነው፣ ግን ዓይኗን ከሳቸው ላይ አላነሳችም። "ልጅዎ ስሟ ማን ነው?" አለቻቸው።

"ዶርቃ" አሉ ጋሽ ተካ፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ። "ዶርቃ ትባላለች።"

ዶርቃ በአዳራሹ መሀል ጮኻ አለቀሰች። ሥርዓት ያለው የሲኒማ ቤት እንባ አልነበረም፤ አሥራ አራት ወር የተቋጠረ፣ ሳጥኑ ሲወርድ የተቋረጠው ያው ጩኸት ነው ከቆመበት የቀጠለው። ከፊት ያሉት ዞረው አዩ። ጋሽ ተካ ክንዷን ያዙ። በቃ ይሉኛል ብላ ጠበቀች። አላሉም። ራሷን ወደ ትከሻቸው ሳቡት፤ ኮታቸው እስኪርስ ተዉአት፤ ቆይተው እሳቸውም ጀመሩ።

መብራት ሲበራ ሰዉ አጨብጭቦ ተነሳ። ሁለቱ አልተነሱም። ኤሌኒን የተጫወተችው ልጅ መጥታ ጋሽ ተካን ጉልበታቸውን ስማ "አባቴ ይቅርታ" አለች፤ እሳቸውም "እናትሽ ደህና ናቸው?" አሏት። ደህና መሆናቸውን ስትነግራቸው ዳግመኛ ጌታን አመሰገኑ። አክሱማዊት ወረፋዋን ጠብቃ ጎንበስ አለች።

"ጋሽ ተካ፣ ልቁረጠው ወይስ ይቆይ?"

"እሷን ጠይቂያት" አሉ ጋሽ ተካ። "የፊልም ነገር እሷ ናት የምታውቀው።"

ዶርቃ ይቆይ ለማለት ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች። ዳይሬክተሯ እጇን ጨብጣ ሄደች፤ አዳራሹ ባዶ ሆነ፤ አንድ ሠራተኛ ከኋላ ወንበር ሥር መጥረግ ጀመረ። ጋሽ ተካ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ እያዞሩ፣

"እናትሽ ብትኖር ለዚህ ስንት መሀረብ ትሰጠው ነበር?" አሉ።

ዶርቃ ቀና አለች። "መሀረቡን ከየት ታውቃለህ?"

"ግድግዳው ችፑድ ነው ልጄ፤ እስከ ደጅ ያሰማል።" ፈገግታቸውን ለመደበቅ ጎንበስ አሉ። "ስንት ቀን ከሥራ ቶሎ መጥቼ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጫለሁ መሰለሽ፤ ኃጢአታችሁን እስክትጨርሱ። እሷ መልሺው ስትል እኔም ጓደኛዋ ናት የምትከዳት እል ነበር። አንዴ ብቻ ነው የተሳሳትኩት።"

ዶርቃ ስቃ ሳትጨርስ እንደገና አለቀሰች። ደጁ ላይ ያለውን ድንጋይ ታውቀዋለች፤ ሁልጊዜ ለምን ሞቃት እንደሚሆን ግን አስባ አታውቅም ነበር።

"ጎማውንስ ለምን ጠገንከው?" አለች።

"መንገድ ላይ ተሰብሮ እንዳትቸገሪ ነዋ። ስትመለሺም ሻንጣ ይጎተታል።"

ስልኳ ነዘረ። ያኤል ናት፤ መኪናው ቤታችሁ በር ላይ ደርሷል፣ የት ነሽ፣ ሹፌሩ እያንኳኳ ነው ትላለች። ዶርቃ ዓይኗን በአባቷ መሀረብ ጠረገችና ለመነሳት ሞከረች። ጉልበቷ እምቢ አላት። አባቷን አየቻቸው፤ እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። መልሳ ተቀመጠችና ጻፈች፤ "መኪናውን መልሺው ያኤልዬ፣ አልመጣም። ከአባዬ ጋር ፊልም እያየሁ ነው።"